ናሙና ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት

ከፉሪ ተራራ፣ ከድንጋይ ካባው አፍ፣
ድማሚት በገመጠው በገደሉ ጫፍ
አንዲት እሬት ቀርታለች።
ጎረቤቶቿ ጠጠር ሆነው ሄደዋል፣
ከአንድ አዲስ መንገድ ሥር ተደልድለዋል፤
እሷ ግን ቀርታለች።

መዝገቤን ገልጬ እርሳሴን ቀረጽሁ፣
ያየሁትን ሁሉ እንዳየሁት ጻፍሁ፦
“ግንድ የላትም፤ ከመሬት ተቀምጣለች።
ቅጠል፣ ሃያ ሁለት፤ ሥጋማ፣ ወፍራም።
ጠርዙ ባለጥርስ፤ ጥርሱ ቀላ ያለ።”
“ስሟስ?” አልሁት፣ ገመድ የያዘልኝን ሌንጂሳን።
“አርጊሳ” አለኝ። “እናንተስ ማን ትሏታላችሁ?”
“እሬት።”
“እሬት…” አለና ምራቁን ዋጠ፣
አፉ ውስጥ ያለች ይመስል።

እኔስ የማውቃት ከፊደል በፊት ነው፤
እናቴ ጡቷን በእሷ የቀባችው፣
“በቃሽ” የሚለውን በቃል ሳይሆን
በምላሴ ላይ ነው ያስተማረችኝ።

አንድ ቅጠል ሰነጠቅሁ።
ከቆዳዋ በታች ብጫው ወዝ ወረደ፣
መራራው ዘበኛ፣ አፍ ያልለመደ፤
ከእሱ ወዲያ መሐሉ ጥርት ያለ ውሃ፣
የክረምት ስንቅ ነው ለበጋ በረሃ።

ቀን አፏን ትዘጋለች።
ፀሐይ ሲከር፣ ሲኖትራክ አቧራ ሲያስነሳ፣
በቆዳዋ ላይ ያሉ ደቃቅ ደጆች
ጥርቅም ይላሉ።
የምትተነፍሰው ሌት ነው፤
መዶሻው ሲያርፍ፣ ዘበኛው ሲከናነብ፣
አየሩን ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስባለች፣
አሳድራ፣ አቁታ፣ በጧት ብርሃን ታበስለዋለች።
ይህን ስነግረው ሌንጂሳ ሳቀ፦
“እኛም እንደዚያው ነን።
ቀን ሲጠይቁን ዝም፤ የሆዳችንን ማታ።”

ጥቅምት ላይ አበበች፤
አንድ ዘንግ ልካ ሦስት ቅርንጫፍ ሠራች፣
እምቡጧ ወደ ላይ፣ የፈካው ወደ ታች።
ምንቃሯ የጎበጠ፣ የምታብረቀርቅ ወፍ
መጣች፣ ጠጣች፣
ግንባሯን ብጫ ተቀብታ ሄደች።
ኅዳር ጠበቅሁ። ታኅሣሥ ጠበቅሁ።
ሦስት ጓዳ ያለው ፍሬ፣ ክንፍ ያለው ዘር፣
ነፋስ ሲጠራው ተነሥቶ የሚበር፣
አንድም የለ።

በራሷ ብናኝ አትፀንስም፤ ሌላ ትሻለች።
ሌላዋ ደግሞ አስፋልት ሥር ናት።

መሥሪያ ቤቴ ግን ናሙና ይፈልጋል።
ከጎኗ የወጣች አንዲት ግልገል ነቅዬ፣
በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
በሁለት ጣውላ መሐል በጠፍር አጥብቄ
ለአራት ወር ከመደርደሪያ ላይ ሰቀልኳት።
ሚያዝያ ስፈታት አልሞተችም።
ነጭ ሥር አውጥታ፣
“ጠጠር አቅራቢዎችን ለማወዳደር” የሚል
የጨረታ ማስታወቂያ ላይ ተንሰራፍታለች።
በቲማቲም ጣሳ ተከልኳት። መስኮቱ ላይ ናት።
ግን እሷም ያችው ናት፤ ለእናቷ አትሆናትም።

ከዓለም ገና ማዶ፣ በሼህ ሙዘይን ራስጌ፣
አንዲት ቆማ አየሁ በመቃብሩ ግርጌ፤
ባለቤቱ ኑሪያ አጠገቧ ተቀምጣ
“ውሃ ባጣ አይደርቅም፤
እኛ ስንረሳ እሱ ያስታውሳል” አለችኝ።
ያመጣኝን ስነግራት ዝም ብላ ቆየች፣
ከዚያ፦ “ውሰጂ። ሙዘይንም ሽማግሌ ነበር፣
ስንቱን ያጋባ” አለች።

ሁለተኛው ጥቅምት።
ብናኙ በክብሪት ቀፎ፣ ብሩሹ በጥርሴ፣
ገመዱ በወገቤ፣ ሌንጂሳ ከላይ፤
እያንዳንዷን ቱቦ አንድ በአንድ ነካሁ፣
ወፏ እስክትቆጣኝ።
ስወርድ ነው ያየሁት፦ የቀይ ቀለም ምልክት፣
አለቱ ላይ፣ ከሥሯ ሁለት ክንድ ፈቅ ብሎ።
“መቼ ነው?” አልሁት።
“ተራው ሲደርስ” አለ ገመዱን እየጠቀለለ።

ምሳ ሰዓት ነበር።
እጄን ሳልታጠብ ዳቦዬን ቆረስሁ።
መረረኝ።
ዋጥሁት።